ሕዝቅኤል 27 አይዘለልም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተውን ስብከት ሳትሰሙት አትቀሩም። መምህሩ ትንቢተ ሕዝቅኤልን እያስተማሩ ምዕራፍ 26ን ሲጨርሱ፣ «27 የነጋዴ ደረሰኝ ነው፤ ለነፍስ የሚሆን ነገር የለበትም፤ ወደ 28 እንለፍ» አሉ። ጉባኤው ሳቀ። ቀጥለውም እነዚህ ምዕራፎች የሚናገሩላት ጢሮስ የሰይጣን ምሳሌ ከመሆን ያለፈ ቁም ነገር የሌላት ከተማ እንደሆነች፣ ብሉይ ኪዳንም ስለ ነጋዴ ሕዝብ የሚለው ቢኖር እርግማን ብቻ እንደሆነ አስረግጠው ተናገሩ። ብዙ ሰው «አሜን» እያለ አጋራው። እኔን ግን አናዶኛል፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደም።

ከደካማው ነገር ልጀምር። ምዕራፍ 28 ስለ ሰይጣን ይናገራል የሚለው ትርጓሜ የቆየ ነው። በዔደን ስለነበረው ኪሩብ የሚናገረውን ክፍል ከጥንት አባቶች ብዙዎቹ እንደዚያ ተረድተውታል፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። ትርጓሜ ግን ንባቡን ሊያበራ እንጂ ሊሰርዝ አልተሰጠም። ቁጥር 16 በንግድህ ብዛት ውስጥህ ግፍ ሞላ ይላል። ቁጥር 18 መቅደሶችህን ያረከስኸው በንግድህ በደል ነው ይላል። ሰይጣን ምን ዕቃ ሸጠ? በየትኛው ወደብ አራገፈ? ከዚያው መጽሐፍ ትንሽ ወረድ ብለን ምዕራፍ 29ን ብናነብ፣ ናቡከደነፆር ጢሮስን ለመያዝ ሠራዊቱን ሲያደክም የወታደሩ ራስ ሁሉ እንደተመለጠ፣ ትከሻውም ሁሉ እንደተላጠ፣ በመጨረሻም ለድካሙ ደመወዝ የሚሆን እንኳ እንዳላገኘ እናያለን። ለምሳሌነት ብቻ በተፈጠረች ከተማ የወታደር ራስ አይመለጥም! ነቢዩ የሚናገረው መርከብና ወደብ ስላላት፣ እስክንድር በ332 ዓመተ ዓለም ባሕሩን በአፈርና በድንጋይ ደልድሎ ሰባት ወር ከብቦ ስለያዛት፣ ዛሬም በደቡብ ሊባኖስ ሱር ተብላ ስለምትጠራ ከተማ ነው። በደሉን ሁሉ በሰይጣን ላይ ከጫንነው በሰው ላይ የሚቀር ተጠያቂነት የለም፤ በግፍ የሚነግድ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ስብከት አይመኝም።

«እርግማን ብቻ» ወደሚለው ልምጣ። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እንጨት ከየት መጣ? ከሊባኖስ ተቆርጦ፣ በጢሮስ ንጉሥ በኪራም ሰዎች በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ። ሰሎሞን በየዓመቱ ሃያ ሺህ ቆሮስ (የእህል መስፈሪያ ነው) ስንዴ እየሰፈረ ይልክ ነበር፤ የደጋው እህል ወደ ባሕር ይወርዳል፣ የባሕሩ ሰው ጥበብ ወደ ደጋ ይወጣል። ሁለቱን የናስ ዓምዶችና በአሥራ ሁለት በሬዎች ላይ የተቀመጠውን የናስ ባሕር ያበጀው ሰው አባቱ የጢሮስ ሰው፣ እናቱ ደግሞ የእስራኤል መበለት ነበረች። ወደ ኦፊር የሄዱት መርከቦች ከዔጽዮንጋብር ሲነሡ መንገዱን የሚያውቁት ባሕረኞች የኪራም ነበሩ። ሰሎሞን በገሊላ ሃያ ከተሞች ሲሰጠው ኪራም ዝም ብሎ እንዳልተቀበለም መጽሐፉ አልደበቀም። ወርዶ አያቸው፣ አልወደዳቸውም፣ «ወንድሜ ሆይ፣ የሰጠኸኝ እነዚህ ከተሞች ምንድር ናቸው?» አለው። የእስራኤልን ንጉሥ እንዲህ ደፍሮ የሚናገር ባዕድ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ስንት አለ? ከምርኮ መልስ ሁለተኛው መቅደስ ሲጀመርም መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 እንደሚለው የዝግባ እንጨት ወደ ኢዮጴ ባሕር ያመጡት እነዚያው የጢሮስና የጎረቤቷ የሲዶና ሰዎች ናቸው። እግዚአብሔር ስሙን ያኖረበት ቤት ሁለት ጊዜ ሲሠራ ሁለቱንም ጊዜ የእነዚህ ነጋዴዎች እጅ አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው «እርግማን ብቻ» እንዴት ይላል?

በነህምያ ዘመንም የጢሮስ ሰዎች በኢየሩሳሌም ውስጥ ተቀምጠው ዓሣና ልዩ ልዩ ሸቀጥ በሰንበት ይሸጡ ነበር። ነህምያ በመጀመሪያ የተቆጣው በእነሱ ላይ አይደለም፤ በይሁዳ ታላላቆች ላይ ነው። ከዚያ በሰንበት ዋዜማ በሩን አዘጋ። ነጋዴዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ አደሩ፤ ብትደግሙት እጄን አነሣባችኋለሁ አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በሰንበት አልመጡም። በሌላው ቀን እንዳትመጡ ግን አላለም።

አሁን ወደ «ደረሰኙ» ልመለስ፤ ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነውና። ምዕራፉ የሚጀምረው ስለ ጢሮስ ሙሾ አሙሽ በሚል ትእዛዝ ነው። ሙሾ! በሙሾ አገር ያደገ ሰው ይህን ሳይሰማው እንዴት ያልፋል? አልቃሽ ለቅሶ ቤት ስትቆም ምን ታደርጋለች? ትዘረዝራለች። የሟቹን በሬ፣ ጠመንጃ፣ አዝመራ፣ የሰጠውን፣ ያበላውን፣ የወዳጆቹን ስምና አገር እየጠራች ታወርዳለች። የጠፋው ነገር መጠን የሚታወቀው በዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። ሕዝቅኤልም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከተማዋን በመርከብ መስሎ ሳንቃዋን ከሳኔር ጥድ፣ ምሰሶዋን ከሊባኖስ ዝግባ፣ መቅዘፊያዋን ከባሳን ዛፍ፣ ሸራዋን ከግብጽ በፍታ እያለ አንድ በአንድ ይሠራታል። ቀዛፊዎቹን ከሲዶናና ከአራድ፣ ስንጥቋን የሚደፍኑትን ከጌባል ሽማግሌዎች ያመጣል። ከዚያ ጭነቱን ይጠራል፦ የተርሴስ ብርና ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ፤ የቴርጋማ ፈረስና በቅሎ፤ የዝሆን ጥርስ፣ የደማስቆ ወይን ጠጅና ነጭ የበግ ጠጉር፣ የቄዳር ጠቦትና ፍየል፣ የሳባ ሽቱ፣ ዕንቁና ወርቅ። በዕብራውያን መጻሕፍት ውስጥ የዚያን ዘመን ንግድ እንዲህ በስፋት የሚያሳይ ሌላ ቦታ የለም። ይህ ሁሉ ተጭኖ ካበቃ በኋላ ከምሥራቅ ነፋስ ይነሣና በባሕር ልብ ውስጥ ይሰብራታል። መርከበኞቹ ወደ የብስ ወርደው ትቢያ በራሳቸው ላይ ይነሰንሳሉ። በመጨረሻው ቁጥር ላይ ነጋዴዎች ሲያፏጩ እንሰማለን፤ ነቢዩ ግን እስከዚያች ቁጥር ድረስ ያለቅሳል። ጉባኤው የሳቀበት ምዕራፍ ይህ ነው።

በዝርዝሩ መካከል ቁጥር 17 አለ። ከጢሮስ ጋር ከሚነግዱት መካከል ይሁዳና የእስራኤል ምድር በስማቸው ተጠርተዋል፤ ስንዴ፣ ማር፣ ዘይትና በለሳን ያቀርባሉ። ሕዝቅኤል በባቢሎን ምርኮኛ ሆኖ ሲጽፍ የራሱን ሕዝብ ከገበያው አላወጣም። እኛ ንጹሓን ነን፣ ገበያው የእነሱ ነው አላለም። የወገኖቹ ስንዴም በዚያች መርከብ ላይ ነበረ። ምዕራፉን የዘለለ ሰባኪ ይህችን ቁጥር አብሮ ይዘላል፤ ከዚያ በኋላ ጢሮስን ከሩቅ እያዩ መራገም ቀላል ይሆናል።

ከዚያ ከፍ ብሎ ቁጥር 13 ላይ ያዋን፣ ቶቤልና ሞሳሕ የተባሉ ሕዝቦች ያመጡት ሸቀጥ ተጽፏል፦ የሰው ነፍስና የናስ ዕቃ። ጎን ለጎን፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ገበያ። ነቢዩ ቆም ብሎ አላወገዘም፤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦት አለፈ። ሌሎቹ ነቢያት ጣታቸውን የቀሰሩት በዚህ ላይ ነው። አሞጽ በምዕራፍ 1 ጢሮስን ሲከስ ንግድን አይነካም፤ ምርኮኞችን በሙሉ ለኤዶምያስ አሳልፈው ሰጡ፣ የወንድሞችንም ቃል ኪዳን አላሰቡም ይላል። ኢዩኤልም የይሁዳን ልጆች ለግሪኮች ሸጣችኋል ይላቸዋል። ቃል ኪዳን ያላሰበ ሰው የሚወቀሰው በመጀመሪያ ቃል ኪዳን ስለነበረው ነው። ኪራምን ያላነበበ አሞጽን አይረዳም። ነቢያቱ በጢሮስ ላይ የተቆጡት እንደ ባዕድ ጠላት ሳይሆን እንደ ከዳ ወዳጅ ነው፤ የሸጠችው ጨርቅና ብር ሳይሆን ሰው ስለነበረ ነው። ሰውን እንደ ዕቃ መሸጥ ባላበቃበት ዓለም፣ በየበረሃው በደላላ እጅ የወደቁ ልጆቻችንን ስም በየቤቱ እየጠራን በምናለቅስበት ዘመን፣ ቁጥር 13 ለነፍስ የሚሆን ነገር የለበትም ማለት ለእኔ ድፍረት ነው።

ኤልዛቤልን የሚያነሡብኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አዎ፣ የሲዶና ንጉሥ ልጅ ነበረች፤ የእግዚአብሔርን ነቢያት ማስገደሏም የታወቀ ነው። በዚያው ታሪክ ውስጥ ኤልያስ በረሃብ ዘመን የተላከው ወደ ማን ነበር? ወደዚያችው ሲዶና አገር፣ ወደ ሰራፕታ፣ ከእንስራዋ ግርጌ በቀረች ዱቄት ወደምትኖር መበለት። ለእስራኤል ነቢይ እንጀራ የተገኘው በኤልዛቤል አገር ነው። መዝሙር 87ም በጽዮን ተወለዱ የሚባሉትን አሕዛብ ሲቆጥር ጢሮስንና ኢትዮጵያን በአንድ ቁጥር ይጠራቸዋል። የእኛ መምህራን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ግማሽ ደጋግመው ያነቡልናል፤ ከጎኑ የተጻፈችውን ከተማ የሰይጣን መንደር ለማድረግ ግን ማንም አላመነታም።

መምህሩ አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 23 በጢሮስ ላይ ያለውን ሁሉ ከተናገረ በኋላ፣ በመጨረሻው ቁጥር 18 ንግድዋና ዋጋዋ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ እንደሚሆን፣ እንደማይከማችና እንደማይዘጋበት፣ በፊቱ ለሚኖሩት ጥጋብና ልብስ እንደሚሆን ጽፏል። ንግዱ ይጥፋ አላለም፤ ይቀደሳል አለ። ይህን ቁጥርስ ይዘሉታል?