«ሞተሩ መንገድ መዘጋቱን አያውቅም»

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብሳሳት ይቅር በሉኝ። አሁን መኪናዬን ከሸጠልኝ ድርጅት ጋራዥ ወጥቼ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ሶፋ ላይ ተዘርግቻለሁ። ቡና ተፈልቶልኛል። አቦሉ አለፈኝ፣ ቶናውም እየቀዘቀዘ ነው። የወሎ ልጅ ቡና ቀርቦለት ዝም ካለ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ እናንተ ታውቃላችሁ።

የሞተሯን ጥገና አልሸፈኑም። አለቀ። «ዋስትናው ይህን አያካትትም ጌታዬ።»

የሐረጎውን ጉድ መቼም ያልሰማችሁ የላችሁም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣሁ፣ ጥምዝምዙ መሃል፣ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከኋላ በማርሚታዋ ነጭ ጭስ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ስከፍተው ፊቴን በእንፋሎት አጠነኝ። ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ሮጣ በቢጫ ጀሪካን ውሃ አመጣችልኝ። ብር ስሰጣት «ለውሃ?» ብላ ሳቀችብኝ። ይቺን ልጅ ያዙልኝ፤ በኋላ ወንጀለኛ ትሆናለች።

የሰፈራችን መካኒክ መጣና የዘይት መለኪያዋን መዘዛት። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። በቃ፣ ውሃና ዘይት ተጋብተዋል። «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ቴስታታውም ሳይጣመም አልቀረም» አለኝ። (ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ሆኖ ውሃና ዘይቱን የሚለየው ማሸጊያ።) ቀጠለና «ግን አልነካትም። ዋስትና አላት አይደል? ቡሎን ከፈታሁ ይሰርዙብሃል። ውሰዳትና በነጻ ይሥሩልህ፣ አብሽር!» አለ። ለሱ ሥራ ነበር እኮ። ሥራውን ትቶ ለኔ አሰበ። እኔም አብሽር ብዬ አይሱዙ ላይ አስጫንኳት። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባ። 400 ኪሎ ሜትር መኪናዬን ከኋላዬ ተጭና እያየሁ መጣሁ። የከፈልኩትን አልናገርም፤ እናቴ ይህን ታነባለች።

እናቴ ለግሸን ማርያም ተስላለች። አክስቴ ደግሞ ዱዓ አስደርጋለች። በሁለቱም በኩል ዋስትና ነበረን፤ የጎደለን የድርጅቱ ብቻ ነው።

እሺ፣ ዛሬ ጠዋት። እንግዳ መቀበያው ላይ ከረባት ያሰረ ልጅ አለ። ልጅ ነው፣ ወላሂ፣ ታናሽ ወንድሜን ያክላል። ታብሌት ይዟል። የሰርቪስ ደብተሬን በሁለት ጣቱ ይገልጣል፣ የተነከረ ነገር የያዘ ይመስል።

«ጌታዬ፣ የ25 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ ማህተም የለም።»

«መንገድ ተዘግቶ ነበር። ደሴ ነው ያሰራሁት። ይኸው ደረሰኙ። ዘይቱ እናንተ ደብተሩ ላይ የጻፋችሁት ዓይነት ነው። ፊልትሮውን ከናንተው ገዝቼ ያስቀመጥኩት ነው።»

«ያልተፈቀደለት ጋራዥ ነው።»

«ደሴ የተፈቀደለት ጋራዥ የት አላችሁ?»

«የለንም።»

«ኮምቦልቻስ?»

«የለንም።»

«እና መንገድ ሲዘጋ ምን ላድርግ?»

ይሄኔ ከታብሌቱ ቀና አለ። ፈገግ አለ። ድምፁንም ትንሽ ከፍ አደረገ፣ ወረፋ የሚጠብቁት እንዲሰሙለት።

«ጌታዬ፣ ሞተሩ መንገድ መዘጋቱን አያውቅም።»

ሰዉ ሳቀ። ሁሉም። አንዱማ ውሃ እየጠጣ ትን አለው። ይህ ሁሉ ምንም አይደለም፤ የሚያንገበግበኝ እኔም አብሬ መሳቄ ነው! ሳቅሁ! ጥርሴን አሳየሁት! 400 ኪሎ ሜትር ተጭኖ የመጣ ሰው በራሱ ላይ ሲቀለድ ይስቃል?

መልሱ የመጣልኝ መቼ ይመስላችኋል? ታክሲ ውስጥ። ረዳቱ ሒሳብ እያለኝ። ሞተሩ መንገድ መዘጋቱን ካላወቀ፣ ማህተም አለመኖሩንስ በምን አወቀ? ማንበብ ይችላል? ዘይቱን ነው እንጂ ማህተሙን ይጠጣል እንዴ? «ወራጅ» ብዬ ልመለስ ነበር። ግን ያ ልጅ ምሳ ይወጣል ብዬ ተውኩት። እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ይዤው የምኖረው መልስ ነው።

ኧረ አላለቀም። ቀጥሎ ውሃው መጣ። «ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውሃ ተጨምሯል፤ የኩላንቱ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሹ፣ ቀለም ፈዝዟል፤ ይህ በራሱ ዋስትና ያሰርዛል።» የቆሎዋ ልጅ ውሃ! ሞተሩ ከታመመ በኋላ የመጣ ውሃ! ሰውዬውን የገደለው ለቅሶው ላይ የተበላው ንፍሮ ነው እንደማለት እኮ ነው።

ከዚያ ነዳጅ። «ክልል ላይ የጥቁር ገበያ ቤንዚን ትጠቀማላችሁ።» ትጠቀማላችሁ! በብዙ ቁጥር! ነዳጅ በቴሌብር መከፈል ከጀመረ ቆይቷል፤ ስልኬን አውጥቼ የከፈልኩትን ሁሉ አሳየሁት። (እውነቱን ለናንተ ልናገር፣ አንድ ሁለቴ በሃይላንድ ገዝቻለሁ። ሦስት ቀን የተሰለፈ ይፍረደኝ። ግን የኔን ጓርኒሲዮን ያቃጠለው ያ አንድ ሁለቴ የገዛሁት ቤንዚን ነው ብሎ የሚምልልኝ መካኒክ አምጡ።)

ከዚያ ደግሞ ዳገቱ። «የናንተ አካባቢ ዳገት ነው፤ ከባድ አጠቃቀም ይባላል።» አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ! እንጦጦን ማን ሜዳ አደረገው? ደግሞስ ዳገት እንድወጣ ያደረገኝ ማነው? በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ እዚህ ና ይላሉ። ከደሴ ደርሶ መልስ 800 ነው። አምስት ጊዜ መጥቻለሁ። አስሉት። ከነዳኋት 31 ሺህ ውስጥ 4 ሺህው ማህተም ፍለጋ ነው። ጣርማ በርን፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሆነውን፣ 10 ጊዜ ያለፈችው ለእነሱ ማህተም ነው። ለሥራዬ አንድም ቀን አልፌው አላውቅም! ያጨናነቃት ማህተማቸው ነው።

«3 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር» ብለው ነው የሸጡልኝ። የሁለት ዓመት እቁብ ጠቅልዬ። ያኔ ሊብሬዋን ሲሰጡኝ ኬክ ነበረ። ፎቶ ነበረ። «ቤተሰብ ሆነናል» አሉኝ። የትኛው ቤተሰብ ነው ማህተም የሚጠይቀው?

ዋስትና ከሚለው ቃል ጋር ችግሬ ከዛሬ አልጀመረም። ፍሪጄን ታስታውሱ የለ? የሁለት ዓመት ዋስትና ነበራት። በሰባተኛ ወሯ ዝም ስትል ፒያሳ የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። «ካርቶኑን አምጣ» አሉኝ። የፍሪጅ ካርቶን! እኔ ቤት ውስጥ ፍሪጅ ላስቀምጥ ካርቶን? ካርቶኗን እናቴ ጤፍ አስጥታበታለች፤ ከዚያ ዶሮዎቹ ክረምቱን ከርመውበታል። ስልክ ቻርጀሩ፣ ጫማው... ተዉኝ፣ አልጀምረውም።

የአጎቴ ልጅ ጠበቃው ደወለልኝ። ወዲያው አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለኝ። ሸማች ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል። በ15 ቀኗማ ገና የወንበሯን ፕላስቲክ አላነሳሁም ነበር! «ከዚያ በኋላም በዋስትና ውሉ መክሰስ ትችላለህ» አለኝ። የት? አዲስ አበባ። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ 800 ኪሎ ሜትር። ዳኛውም ማህተም ቢጠይቀኝስ?

አሁን ቴስታታውን በራሴ ወጪ ይሥሩት ብል የሰጡኝን ዋጋ አይቼ ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። እዚያ ጋ ማሠራት አልፈልግም። ቁልፌን ስቀበል ያ ልጅ ምን አለኝ? «በሦስት ቀን ካላነሷት የማቆሚያ ይታሰባል ጌታዬ።» ይህኛውን አልሳቅሁለትም። አመሰግናለሁ አልኩት እንጂ። አመሰግናለሁ! ለምኑ?

እህቴ በረካውን ቀድታ ሄደች፤ ልጠጣው።

ኮምቦልቻ ቴስታታ አስተካክሎ የሚልግ ቤት የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ወደ ደሴ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ያላችሁም ኢንቦክስ አድርጉ። ዋጋውን ግን ለእናቴ እንዳትነግሯት።