ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የውሻ ፀጉር

ለ፦ ክቡር የውሻ ፀጉር
አድራሻ፦ ገንዳ ቁጥር 2፣ ከወንፊቱ ሥር፣ ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ
ጉዳዩ፦ ፍሳሹን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ ይሆናል

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔማ እርስዎ ከየት ከየት ብቅ እንደሚሉ ስከታተል ሰነበትኩ። ከቡና ስኒዬ ወጥተዋል። ከካርድ ማንበቢያው ቀዳዳ በወረንጦ ተስበው ወጥተዋል። ማተቤ ላይ ተጠምጥመውም ተገኝተዋል፤ ክርስትና ለመነሳት አስበው ከሆነ በእኔ በኩል አይሆንም።

ሥራውን ስጀምር እናቴ በስልክ “ውሻ ለማጠብ ነው እንዴ አሜሪካ ድረስ የሄድከው?” አለችኝ። የማጥበው እኔ እንዳልሆንኩ፣ ባለቤቶቹ ውሻቸውን ይዘው መጥተው ራሳቸው እንደሚያጥቡ፣ የኔ ድርሻ ገንዳ፣ ሙቅ ውሃ፣ ሻምፖና ማድረቂያ ማከራየት ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ትንሽ አሰብ አደረገችና “ታዲያ እቤታቸው ውሃ የለም?” አለች። የንግዱን ምስጢር በአንድ ጥያቄ ደረሰችበት። ውሃማ ሞልቷል። ሻወርም አለ። ሰው ከፍሎ እኔ ዘንድ የሚመጣው፣ ክቡርነትዎ የሱን ፍሳሽ ትተው የኔን እንዲደፍኑ ነው። ጽዳት አይደለም የምሸጠው፤ የሚደፈን ቱቦ ነው የምሸጠው።

ዕቃ ሻጮች ይህን አይናገሩም። ካታሎጋቸው ላይ ገንዳው ያብረቀርቃል፣ ጎልደን ሪትሪቨሩ ምላሱን አውጥቶ ፈገግ ብሏል፣ ባለቤቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ጠብታ አልነካትም። ሁሉም ተሟልቶ እርስዎ ብቻ የሉም። ፎቶ አይወዱም መሰለኝ።

ሻጩ ስለ ብረቱ ሲያወራ ጊዜው አይታወቀውም። 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) ይሻላል ወይስ 316 የሚባለው? ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም። 316 ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን ስላለበት ክሎራይድን፣ ያን ጨውና በረኪና ውስጥ ያለውን ብረት በላ፣ ይበልጥ ይቋቋማል፤ 304ም ቢሆን በረኪና እስካልተደፋበትና በብረት ሽቦ እስካልተፈገፈገ ድረስ ለውሃና ለሻምፖ አያንስም። (በረኪና የሚያነጣ እንጂ ብረት የሚበላ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ይበላል፤ ያውም ነቁጥ በነቁጥ።) ስለ እርስዎ ግን ሻጩ ትንፍሽ አላለም። የገንዳው ማዕዘን ክብ ነው ወይስ ሹል? ብየዳው ተሞርዷል? ውስጡ የብሎን ራስ አለ? ወለሉ ወደ ፍሳሹ ዘንበል ብሏል ወይስ ውሃ ያቁራል? እኔ ገንዳ ስመርጥ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ውስጡን አስኬዳለሁ። ጣቴ የተያዘበት ቦታ ሁሉ እርስዎ ጎጆ የሚቀልሱበት ነው።

ፍሳሹ አፍ ላይ ያለው ወንፊት ላይ የቆዩ ዕለት ፍቅር ነን። ክዳኑን አነሳለሁ፣ እርጥብ ድመት መስለው ይወጣሉ፣ መጣያ ውስጥ ይገባሉ፣ አለቀ። ነገሩን የሚያበላሸው ደንበኛው ነው። ደቂቃው በገንዘብ ይቆጠራል፤ ውሃው አልሄድ ብሎ የውሻው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ሰውየው ፀጉሩን ከወንፊቱ ላይ ጠርጎ በማንሳት ፈንታ ወንፊቱን ራሱን ነቅሎ ገንዳው ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ውሃው ግልብጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሰውየው ራሱን እንደ መሐንዲስ ያያል፣ ክቡርነትዎም ያለ ፍተሻ ያልፋሉ። ጅብ በቀደደው ውሻ ይገባል የሚሉት አባቶቻችን እዚህ ቢመጡ ተረቱን ያሻሽሉት ነበር። ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ከነፎቶው ለጠፍኩ። ማስታወቂያው ላይም መጥተው ተለጠፉበት።

አሁን ወንፊቱ በብሎን ታስሯል፣ መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነው። ከሥሩ ደግሞ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ሁለተኛ ማጥመጃ አለ፤ ከወለሉ በላይ የተቀመጠ ሳጥን፣ ክዳኑ በእጅ የሚከፈት። “ከወለሉ በላይ” የምትለዋን ቃል ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይስማልኝ። ማጥመጃን ሲሚንቶ ውስጥ ቅበር ብሎ የሚመክር ሰው፣ ሱቅ በደንበኛ በተሞላ ቅዳሜ በሆዱ ተኝቶ ከፍቶት አያውቅም።

በኬሚካል እንዳልገላገልዎ ደግሞ ዘርዎ አስቸግሯል። ኬራቲን ነዎት፣ ከጥፍርና ከቀንድ ወገን። ውሃ አያሟሟዎትም። ሻምፖ ጭራሽ ያሳምርዎታል፤ ኮንዲሽነሩ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተቀብቶ ፍራሽ ያነጥፍልዎታል። ኮስቲክ ሶዳ ያሟሟዎት ነበር። ነገር ግን ተፈናጥሮ የሰው ዓይን ያጠፋል፣ ገንዳው ላይ የቀረውም የሚቀጥለውን ውሻ መዳፍ ያቃጥላል። ስለዚህ የምንገናኘው በሽቦ ነው። ያ ረጅም የቧንቧ መጥረጊያ ሽቦ እየተሽከረከረ ይገባል፣ የሆነ ቦታ ላይ ይከብዳል፣ ሲሳብ ደግሞ ብቻዎን አይመጡም፤ የሴት ፀጉር ማሰሪያ፣ የማበጠሪያ ጥርስ፣ አንድ ጊዜ የጆሮ ጉትቻ። ጉትቻዋን ይዘውብኝ ስለቆዩ አመሰግናለሁ። ባለቤቷ ግን ስታያት መልሳ አልፈለገቻትም።

ተባባሪዎ ኖራም ይታወቃል። የከተማው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል፣ ማዕድኑን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ጥንካሬው፣ ማለትም ኖራ የሚሠራው ማዕድን፣ በሊትር 280 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ከ180 ያለፈው እንኳ “በጣም ጠንካራ ውሃ” ይባላል። ታንክ የሌለው ማሞቂያ ቦታ አይወስድም፣ ሙቅ ውሃም አያልቅበትም፤ ግን ይህን ማዕድን የሚያስቀር የውሃ ማለስለሻ ከፊቱ ካልተደረገለት፣ በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድም በየጊዜው ካልታጠበ ኖራው ውስጡ ይጋገርበታል። ሙቀቱን የሚመጥነው ቫልቭ በኖራ ከተያዘ ደግሞ ለብ ያለው ውሃ አንዴ በረዶ አንዴ ፍላት ይሆናል፤ ውሻ ደግሞ “አቃጠለኝ” አይልም፣ ይዘላል። ሻምፖ የነካው ውሃ ወደ ከተማው መስመር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚያግደውን ቫልቭ ባለሙያ በየዓመቱ እየመጣ ይፈትሸዋል። በዚህ እርስዎን አልከስም፤ ቆሻሻ ሥራ ሁሉ የእርስዎ አይደለም።

ማድረቂያው ላይ የሠሩት ግን ይቅር አይባልም። ሙቀት የሌለውን፣ በአየር ጉልበት ብቻ የሚሠራውን የመረጥኩት አስቤበት ነው። ፐግና ቡልዶግ አፍንጫቸው ጨፍላቃ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ይጎዳቸዋል፤ ደንበኛው ደግሞ ስልኩን እያየ አንድ ቦታ ላይ ደግኖ ይቆማል። ደህና። አየሩ ውሃውን ከውሻው ላይ ይገፈትራል፣ እርስዎንም አብሮ ይገፈትርዎታል፣ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ያርፋሉ። እዚያው ቢያርፉ ምን ነበረበት? ዞረው፣ ሞተሩ አየር በሚስብበት በኩል ተመልሰው ይገባሉ። በፊት በር ተባረው በጓሮ በር! ማጣሪያው ይደፈናል፣ ሞተሩ ማቀዝቀዣ አየር ያጣል፣ ይግላል፣ ከዚያ ያ የሚታወቅ ሽታ ይመጣል፤ የፕላስቲክና የእርስዎ ቅልቅል። ዛሬ ሞተሩ ከኋላ ክፍል ነው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው አየሩ የሚወጣበት የጎማ ቱቦ ብቻ ነው። ማጣሪያው ሁለት ነው፤ አንዱ ታጥቦ ሲሰጣ ሌላው ይሠራል፣ እርጥቡ አይመለስም። የሞተሩ ካርቦን፣ ኤሌክትሪኩን የሚያቀብለው ቁራጭ፣ እየተፋቀ ያልቃል፤ ትርፉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፣ እርስዎም መሳቢያው ውስጥ አብረውት ተቀምጠዋል።

ሀስኪ በረሃ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ደንበኛ አልጠይቅም፤ እኔስ ምን እሠራለሁ? በሰመር ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ ለሳይቤሪያ የተፈጠረ ውሻ ባለሁለት ድርብ ካፖርቱን ለብሶ ይመጣል፤ በፀደይና በመኸር ደግሞ የውስጡን ካፖርት እዚሁ ያወልቃል። አንድ ሀስኪ ገብቶ ሁለት ሀስኪ ይወጣል፣ አንዱ በገመድ፣ አንዱ በከረጢት። የሁለቱም ሂሳብ አንድ ነው። ላብራዶርና ጀርመን ሸፐርድ ይከተላሉ። ፑድል ሲገባ ግን ከወንበሬ ተነስቼ ነው የምቀበለው፤ ፀጉሩን የሚጥል አይደለም፣ የተከበረ እንግዳ ነው።

የእሁዱንም ሳላነሳ አላልፍም። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ምን እንደሚደርስባት በአገራችን የሚታወቅ ነው። ክቡርነትዎ ግን ነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር ሆነው ተለጥፈው፣ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጠበል ጻዲቅ ድረስ ቆይተው ተመልሰዋል። አንዲት እናት ከትከሻዬ ላይ አንስተውዎት፣ ወደ ብርሃን ዘርግተው አይተው፣ “ልጄ፣ ሚስት አግብተሃል እንዴ?” አሉኝ። የፂማሙ ውሻ፣ የሽናውዘሩ ነው ብዬ እንዴት ልመልስ?

ስለሆነም ከወንፊቱ ላይ እንዳያልፉ፣ ካለፉም ማጥመጃው ላይ እንዲቆሙ እጠይቃለሁ። ወደ ሐይቁ ለመጓዝ አስበው ከሆነም ተስፋ አያድርጉ። በዚህ ከተማ ቤት ውስጥ የፈሰሰ ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉ ታክሞ ወደ ሚድ ሐይቅ መመለሱ እውነት ነው፤ ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ መጀመሪያ የሚጠብቅዎ ግን ወንፊት ነው። የነሱን ወንፊት ደግሞ ነቅሎ ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጥልዎ ደንበኛ የለም።

ከሰላምታ ጋር
የገንዳው ባለቤት ነኝ ባይ

ግልባጭ፦
ለክቡር ኖራ፣ ማሞቂያው ውስጥ
ለሀስኪዋ ባለቤት፣ ለቅዳሜ 10 ሰዓት ቀጠሮ ለያዙት
ለቧንቧ ሠራተኛው፣ የባለፈው ሂሳብ እስኪከፈል እንዲታገሡ
ለእናቴ፣ እንዳታነበው