ፊተኞቹ ካለፉ በኋላ

በሚያዝያ የለንደን ማራቶን ሲደርስ እዚህ ለንደን የሚኖረው የእኛ ሰው ከየሰፈሩ ይወጣል። ባንዲራው ይውለበለባል፣ እልልታው ይቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 ትዕግሥት አሰፋ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብታ፣ ሴቶች ብቻቸውን በሚሮጡት ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘችው እዚሁ ከተማ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቀን በአካል ማየት ደስታው ልዩ ነው።

ፊተኞቹ ካለፉ በኋላ ግን ባንዲራችንን ጠቅልለን ወደ ቡናችን እንሄዳለን። የአገሬው ሰው አይሄድም። ለእሱ ገና መጀመሩ ነው። ከኋላ የሚመጣውን ሕዝብ እየጠበቀ እስኪመሽ ይቆማል። ብዙዎቹ ሯጮች ስማቸውን ደረታቸው ላይ ጽፈዋል። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ያንን እያነበበ፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው በስሙ እየጠራ «በርታ! በርቺ!» ይላል። ወፍራሙም፣ ሽማግሌውም፣ ጉልበቱን በፋሻ ያሰረውም ያልፋል። ጭብጨባው ለእነሱ ይብሳል።

እኛ ሩጫን የምንወደው ሌላ ሰው ሲሮጥልን ነው። ይህን የምለው በወቀሳ አይደለም፤ አስተዳደጋችን ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደች። ሩጫ ሲባል ወርቅና ባንዲራ፣ የደስታ እንባም ይመጣብናል። ለደም ግፊትም ይሆናል፣ እናንተም ሩጡ ብሎ ያሳደገን ሰው ግን እምብዛም ነው።

ውጭ አገር ስንመጣ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመርብናል። ኢትዮጵያዊት ነኝ ስል የሥራ ባልደረባዬ ወዲያው «ታዲያ ሯጭ ነሻ!» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። ግን ሁለተኛ ፎቅ ስትወጣ ትንፋሽ ለሚያጥራት ሴት ይህ ከባድ ነው። ሐበሻ ሆኖ በፈረንጅ መሐል ከኋላ መቅረት የአገርን ስም ማዋረድ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት ጭራሽ አይጀምሩም።

ሰውነታችን ደግሞ አይጠብቀንም። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ሌላዋ የአረጋውያን ቤት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፣ ንጋት ላይ እንጀራዋን በልታ ትተኛለች። ስኳርና ደም ግፊት በየቤታችን ገብተዋል። እኔንም ሐኪሜ የስኳር መጠንሽ ድንበሩ ላይ ነው አለችኝ። መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ሩጫ ብትሞክሪስ ስትል ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

የሰጠችኝ ፕሮግራም እዚህ አገር የታወቀ ነው። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በነፃ የስልክ መተግበሪያ ያቀርበዋል። ዘጠኝ ሳምንት ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ በመራመድ ይጀምራል። ከዚያ 60 ሰከንድ ሩጫ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ 20 ደቂቃ ይሞላል። አንድ ደቂቃ ብቻ! ሆኖም ለጀማሪ ያቺ አንድ ደቂቃ አታልቅም። ደረት ይቃጠላል፣ ጎን ይወጋል። አምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሳይቆሙ 20 ደቂቃ መሮጥ አለ። ስንጀምር ጨርሶ አይታመንም። ቀስ ብሎ የሄደ ሰው ግን ይደርስበታል። ዋናው ቀስ ማለቱ ነው። እያወሩ መሮጥ ካልተቻለ ፈጥነናል ማለት ነው። የአብዛኛው ጀማሪ ችግር ይህ ይመስለኛል፤ በቴሌቪዥን ያየውን ፍጥነት ሊሮጥ ይነሳና በሁለተኛው ቀን ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 9 ላይ፣ በመላው እንግሊዝ በየመናፈሻው ፓርክረን የሚባል የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 እዚሁ ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ በ13 ሯጮች ነው የተጀመረው። ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ክፍያ የለውም። አንዴ ትመዘገባለህ፣ ባርኮድህን ይዘህ ትመጣለህ፣ በቃ። ሰዓት የሚይዙትም፣ መታጠፊያ ላይ የሚቆሙትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የሐኪሞች ማኅበራቸውም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክሊኒኮች ታካሚዎቻቸውን ወደዚህ እንዲልኩ ያበረታታል።

እኔ የምሄደው ፊንስበሪ ፓርክ ነው። ሁለት ዙር ነው፣ ዳገትም አለው። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ የአንድ በጎ ፈቃደኛ ሥራ ነው። ሥራው ከመጨረሻው ሰው ኋላ መራመድ ነው፣ ሌላ የለውም። ስለዚህ ማንም ሰው መጨረሻ አይወጣም። በመጀመሪያው ቀን ያን ቦታ የያዙት ጠና ያሉ ሴትዮ ነበሩ። ዳገቱ ላይ ስቆም አብረውኝ ቆሙ። አላጣደፉኝም፣ አላዘኑልኝም። ስለ ልጅ ልጃቸው እያወሩኝ ሄድን። መጨረሻው መስመር ጋ ስንደርስ ቀድመውን ከገቡ ብዙ የቆዩ ሰዎች ቆመው ይጠብቁ ነበር። አጨበጨቡልኝ። አሁንም በሁዳዴ እንደዚያው እራመዳለሁ፤ ጠዋት ባዶ ሆዴን ስለሆንኩ አልሮጥም። ያንንም ማንም ምነው አይልም።

አገር ቤት ስሄድ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። አክስቴ ገና በሩ ላይ አየችኝና «ውይ በሞትኩት! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ታመሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ፣ ስፖርት እየሠራሁ ነው ብላት አላመነችኝም። ወዲያው ቅቤ ማቅለጥ ጀመረች። እኛ ጋ መወፈር መመቸት ነው፤ መክሳት ደግሞ ወይ በሽታ ወይ ችግር። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነው፣ አይገርመኝም። ግን አክስቴ ራሷ ግፊት አለባት። ስትራመድ እግሯ ያብጣል። ስለ እሷ ሳስብ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

መንገድ ላይ መሮጥም ቀላል አይደለም። ሴት ከሆንሽ ለከፋው አለ። የመኪናው ጭስ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከለንደን የመጣ ሳንባ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጨነቃል። ቀጭኑ ወጣት በቱታ ሲሮጥ ሰው መንገድ ይለቅለታል፣ ነገ ኦሊምፒክ ላይ ይታያል ብሎ። ቦርጭ ያለው ጎልማሳ ሲሮጥ ግን ይሳቅበታል። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። መሮጥ የሚያስፈልገው ለማን ሆነና!

ሆኖም እኛ ያለንን እነሱ የላቸውም። ታላቁ ሩጫን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ሰው ተጀመረ። ያኔ አዘጋጅነቱን የመራው ሪቻርድ ኔሩርካር የሚባል የእንግሊዝ ማራቶን ሯጭ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በኅዳር ከተማው ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ይወጣል። ሙዚቃው በየመንገዱ ነው። ሰው ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ውሃ ይረጫጫል። ከኋላ ያለው ሰው ስለ ሰዓት አያስብም፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ተያይዞ እየጨፈረ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ደስታ አላየሁም። እዚህ ሰው በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ለብቻው ይሮጣል፣ ሲጨርስ ሰዓቱን አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ችግሩ ያ ደስታ በዓመት አንድ ቀን መሆኑ ነው። ቲሸርቱ በማግሥቱ ታጥቦ ቁም ሳጥን ይገባል። ሰውነት ደግሞ የሚለወጠው በየሳምንቱ ነው፤ በኅዳር አንድ እሁድ 10 ኪሎ ሜትር የጨፈረች ሴት እስከ ሚቀጥለው ኅዳር ካልተንቀሳቀሰች ግፊቷ አይወርድላትም።

መነሻው ግን አለን። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱ ለመኪና ሲዘጋ ሰው እንዴት ወጥቶ እንደተጫወተ አይተናል። መስቀል አደባባይ ንጋት ላይ ስፖርት የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። በኮሪደር ልማቱም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። በየሰፈሩ ዕድር አለ፣ ለቀብር በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የሚተክል ሕዝብ ነን። የሳምንት ሩጫ ማዘጋጀት ከዚያ አይከብድም። የታወቀ ሜዳ፣ አንድ ሰዓት የሚይዝ ስልክ፣ አራት አምስት ፈቃደኛ፣ ውሃ። ስፖንሰር አያስፈልግም፣ ሜዳሊያም አያስፈልግም። እናቶች በነጠላቸው መጥተው ቢራመዱ ይቻላል። ቅዳሜ ወይም እሁድ፣ ቅዳሴ እንዳይነካ ሰዓቱን ሰፈሩ ራሱ ይወስን።

ይህን የምታነቡ የአዲስ አበባ ወዳጆቼ፣ ሜዳውን እናንተ ፈልጉ። ከመጨረሻው ሰው ኋላ የሚራመድ ከጠፋ አትጨነቁ። ለጥምቀት እመጣለሁ፣ እሱን ቦታ እኔ እይዘዋለሁ። አክስቴንም ይዣት እመጣለሁ።