ቻርጅ ባይዝም ደህና ነው

ደሴ፣ እናቴ ቤት፣ ዕቃ አይሞትም። «ትንሽ ደክሞታል» ነው የሚባለው።

ምስክሬ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተሰክቶ የሚኖረው ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ ነው። ዕድሜውን በትክክል የሚያውቅ የለም። ታናሽ እህቴ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነበረ። ዘንድሮ ድረናታል።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም በርበሬ ከተሰጣበት ሰፌድ ዳር ይደረደራል፤ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ እስክትገባ ሲሞቅ ይውላል። እኛ ልጆች ደግሞ ነከስ ነከስ እናደርገዋለን። (በርበሬ የነካው ድንጋይ የነከሰ ያውቀዋል።) የሚገርመው መሞቁ ይሠራ ነበር። ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካል ለጊዜው ያነቃቃዋል፤ ለሬዲዮ ዜና ይበቃል።

ቻርጅ የሚደረገውን ግን ሙቀት ያስረጀዋል እንጂ አያድነውም። ይህን ለእናቴ ማን ይንገራት? ሲሰንፍባት እሱንም ከበርበሬው ጋር አሰጣችው።

አንዴ ለሪሞቱ ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ገዝቼላት ነበር። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «የድሮው 1.5 ቮልት ነበር፤ ይኸ 1.2 ይላል። ቀሪዋን ማን በላት?» ዓይነቱ እንደዚያ ነው ብላት፣ ባለሱቁ እንዳታለለኝ ነው የገባት።

ወደ እጅ ባትሪው ስንመለስ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም ነው፤ እርሳስና አሲድ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ዓይነት። ባዶውን ከተቀመጠ በሰሌዳዎቹ ላይ ያለው የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። የኛው አንድ ክረምት ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ ባዶውን ከርሟል። «እንዳያልቅ» ተብሎ።

ይህን ሁሉ ቡና ላይ አስረዳኋት። ሰማችኝ። ከዚያ አረንጓዴዋን መብራት አሳየችኝ።

«አየህ? በአምስት ደቂቃ ጥግብ አለ። ያንተ አዲሱ ስልክ ስንት ሰዓት ነው የሚፈጅበት?»

ቶሎ የሚሞላው እኮ ጎብዞ አይደለም። እንስራ የነበረው ሲኒ ሆኖ ነው።

«ተዋት ልጄ» አሉኝ ቡና የተጠሩት ጎረቤታችን። «ሰውም ሲያረጅ ትንሽ ቀምሶ ነው የሚጠግብ።» መልስ አጣሁ።

በረካው ሲቀዳ መብራት ጠፋ።

«አብሽሩ! ባትሪ አለ» አለች እናቴ።

አበራችው። እውነቱን ለመናገር በራ። ረከቦቱ ታየ፣ የጎረቤታችን ሻሽ ታየ፣ ከጀበናው አጠገብ የተቀመጠው ክብሪት ታየ። ከዚያ ቀላ፣ ጨለማ ሆነ።

ዝም አልን። እኔ ሳቄን ለመያዝ ነው።

«ምነው?» አለች እናቴ በጨለማ። «ክብሪቱን አሳየን አይደል?»