ውርዝልያ የሊሊት ሌላ ስም አይደለችም

ስለ ክታብ በወጣው ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን «ሊሊት በሐበሻ ስሟ» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። ሊሊት በአይሁድ ትውፊት የአዳም የመጀመሪያ ሚስት ነበረች የምትባለው ናት። ውርዝልያ ግን የራሷ ታሪክ አላት። ሕፃናትን ከእርሷ ለመጠበቅ በሚነበበው በጸሎተ ሱስንዮስ እንደሚተረከው፣ ቅዱስ ሱስንዮስ አግብቶ የበኩር ልጁን ሲወልድ ይህች ክፉ ሴት ገብታ ሕፃኑን ገደለችበት (በአንዳንድ ቅጂዎች የገዛ እኅቱ ናት)። ፈረሱ ላይ ወጥቶ ጦሩን ይዞ ሲፈልጋት፣ በአጋንንት ተከብባ ከዛፍ ሥር አገኛትና ጎኗን ወጋት። እርሷም ስሙ ወደሚጠራበት፣ ጸሎቱ ወደሚነበብበት ቦታ ላትደርስ ማለች። ይህ ጸሎት በብራና ተጽፎ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ ኃይሉ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ መሐላ ላይ ነው።

አያቴ ያስጻፉት ክታብ ዛሬም ቤታችን ውስጥ አለ። ብራናው ሲዘረጋ ቁመታቸውን ያህላል፤ የክርስትና ስማቸው በቀይ ቀለም ገብቷል፤ ከላይ ዓይኑ የጎላ ፈረሰኛ ተሥሏል። ማኅደሩ አንገታቸው ላይ ከመዋሉ ብዛት ቆዳው ጠቁሮ ልሟል። ሁለት ልጆች በሾተላይ አጥተው ነው ያስጻፉት። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «አጉል እምነት» የሚለውን ቃል ሳነብ ከልቤ አዝኛለሁ።

ዝምድና መፈለግ ካስፈለገ ወደ ቢዛንታይን፣ ማለትም ወደ ጥንቱ የምሥራቅ ሮም መንግሥት ትውፊት፣ መመልከት ይሻል ነበር። እዚያም ሲሲንዮስ የተባለ ቅዱስ ጊሎ የምትባለውን ሕፃናት ገዳይ ያሳድዳል። የቅዱሱ ስም ራሱ አንድ ነው።