ግዝቱ ከፈረሰ በኋላ

የአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። ደስ ሲለው ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ ሲከፋው በአንዲት ቃል ተነስቶ ከቤት ይወጣል፤ ዛሬ የሞተለትን ጓደኛ በሳምንቱ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። «አመሉ ነው» እየተባለ አደገ። የስብዕና መታወክ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማነው ስንት ዓመት ቆይቶ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ነው። አረቄው የመጣውም ከዚሁ ጋር ነው። ስሜታቸው እንዲህ የሚገለባበጥባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ሱስም ይይዛቸዋል፣ መለኪያዋ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ታሳርፋቸዋለቻ።

ጻድቃኔ ማርያም ሄደ። ሁለት ሱባኤ ያዘ፣ ተጠመቀ፣ «ዳግመኛ አልቀምስም» ብሎ ተገዘተ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ፤ ኪዳን አያመልጠውም፣ እኛንም ይገስጸን ጀመር። በሦስተኛው ወር ሠርግ ቤት አንድ መለኪያ ቀመሰ። አንድ ብቻ! «ግዝቴን አፈረስኩ፣ ከእንግዲህ እግዜርም አያየኝም» አለና ስምንት ቀን ሙሉ ጠጣ። ቤቱ ስገባ ማተቡን በጥሶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮት ነበር።

ሃይማኖት ሱስን ያድናል አያድንም የሚለው ክርክር አይገባኝም። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሁለት ዓይነት መደገፍን ይለያል። አንዱ ሰው በጭንቁ ፈጣሪን መጠጊያ ያደርጋል፤ ሌላው ፈጣሪ እየቀጣኝ ነው፣ ትቶኛል ይላል። ይሄኛው ጭንቀትና ድብርት ይበረታበታል። ሰውን ሁሉ ወይ መልአክ ወይ ሰይጣን አድርጎ የሚያይ ልጅ ደግሞ ፈጣሪንም እንደዚያው ነው የሚያየው። ስለዚህ ስንት ቀን አስቀደሰ ብሎ መቁጠር ምንም አይነግረንም።

በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበርም በፈጣሪ ላይ መደገፍን ያስተምራል። ግን የወደቀው ተመልሶ ይገባል፣ ቀኑን እንደገና ከአንድ ይቆጥራል። የእኛስ ወንጌል «ሰባ ጊዜ ሰባት» አይልም እንዴ? አባቶች፣ እባካችሁ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ዕድሜ ልክ ከመገዘታችሁ በፊት ቢወድቅ ወደ ማን እንደሚመጣ ንገሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ይሞትበታል። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊጥለው ይችላል። ጸበል ቦታ ላይ ይሄ ሲመጣ «መንፈሱ ጮኸ» እንላለን። ሐኪም አስቀድሞ ይየው፣ ከዚያ ይጠመቅ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንደማይጣላ ለሕዝቡ ነግረዋል፤ ይሄም ያው ነው።

የዘመዴ የንስሐ አባት ቤቱ ድረስ መጡ። አልተቆጡም። ማተቡን ራሳቸው አሰሩለትና «የዛሬን ብቻ ያዝ፣ ነገ እመጣለሁ» አሉት። ሐኪሙም ዘንድ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ጠዋት ደወለልኝ።