ዮናስን የመሰልን እኛ

የጅማ ክርስቲያኖች፣ ወገኖቼ፣ ቃሌ ቢከብዳችሁ አትቀየሙኝ። ነገሩ እኔንም ይነካኛል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወጣት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ነበር። ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ዓመታቱን ጫት ቤት ያሳለፈ፣ እናቱ "ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ" ስትለው የሚስቅባት ልጅ ነው። የዚያን ቀን ነጠላ አጣፍቶ መጣ። ከመሃላችን ግን "ደግሞ ይሄ ምን ፈልጎ ነው?" የሚል ድምፅ ወጣ። ሰማ። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔም እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ።

ጾመ ነነዌን በየዓመቱ 3 ቀን እንጾማለን። የዮናስ መጽሐፍ ደግሞ 4 ምዕራፍ ብቻ ነው። አራተኛውን ልብ ያልነው ግን አይመስለኝም። የነነዌ ሰዎች ማቅ ለበሱ፣ ተመለሱ፣ እግዚአብሔርም ማራቸው። ታሪኩ እዚያ ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። ዮናስ ተቆጣ። ወደ ተርሴስ የሸሸሁት አንተ መሐሪ መሆንህን ስለማውቅ ነው አለ። እስኪ አስቡት! ራሱ በምሕረት ከዓሣ ሆድ የወጣ ሰው፣ ሌላው ሲማር ሞቴን ስጠኝ ይላል። በዚያ ታሪክ እስከ መጨረሻው ከእግዚአብሔር ጋር የታገለው ነነዌ አይደለችም፤ ነቢዩ ነው። እሱንም ቢሆን አልጣለውም። ቅል አብቅሎ አስጠለለው፣ እንደ አባትም አነጋገረው።

እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን። ያረጀ ቡና ሁሉ ተነቅሎ አይጣልም። ገበሬው ይጎነድለዋል፤ ግንዱን ከሥር ቆርጦ፣ ደህናውን ቡቃያ መርጦ ያሳድጋል። እስኪያፈራ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቀዋል። ለቡና ያለን ትዕግሥት ለሰው ልጅ ሲሆን የት ገባ?

ኃጢአትን አቅልላችሁ እዩ እያልኩ አይደለም። ጳውሎስ ራሱ የእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ንስሐ እንደሚመራ ጽፏል። እሱ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያኔ ሳውል ይባል ነበር፤ እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር። ክርስቲያኖችን ሊያስር ደማስቆ ሲሄድ ነው ጌታ መንገድ ላይ ያገኘው። የደማስቆው ደቀ መዝሙር ሐናንያ ወደ እሱ ሂድ ሲባል ፈራ፤ ሰውየው ያደረገውን ሰምቷልና። ቢሆንም ሄደ። እጁን ጭኖ መጀመሪያ ያወጣው ቃል "ወንድሜ ሳውል ሆይ" የሚል ነበር። የት ነበርክ አላለውም።

የልጁ ቤት ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ነው። ዛሬ ማታ እሄዳለሁ። እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ የነበራችሁ፣ አብራችሁኝ ኑ። ስንደርስ ስለ ጫቱ ማንም እንዳያነሳበት። እናቱ ቡና ታፈላለች፤ አጠገቡ እንቀመጥ።